የእናቴ የትከሻ ጅማት ተቀዷል ተባልን፤ ቀዶ ጥገናው ግድ ነው?

ጥያቄ፦

ሰላም ለእርስዎ። የምጽፈው ከአዳማ ነው። እናቴ 57 ዓመቷ ነው። እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች በማስረከብ ነው ያሳደገችን። ስኳርም አለባት። ቀኝ ትከሻዋን ማመም ከጀመራት ስምንት ወር አልፏል። አልወደቀችም፣ አልተመታችም፤ ቀስ እያለ ነው የመጣው። እጇን ታነሳለች፣ ግን ያማታል። ሻሽ ለማሰር ትቸገራለች። ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት አትችልም። አዲስ አበባ ወስደናት ኤምአርአይ ተነሳች። ከላይ በኩል ያለው ጅማት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል፣ ሙሉ ውፍረቱን ተቀዷል ተባልን። ሐኪሙ ጅማቱን እንሰፋለን፣ አጥንቱንም እንሞርዳለን ብሎናል። ገንዘቡን ለማሟላት እናቴ ዕቁቧን በልመና ቀድማ ልታወጣ ነው። ጎረቤት ደግሞ ብርድ ነው፣ ወጌሻ ያሻት ይላል። አክስቴ በአንድ መርፌ ስለተሻላት መርፌው ይበቃል የሚልም አለ። ምን እናድርግ? ብንዘገይ ጅማቱ ጨርሶ ይበጠሳል?

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። እንደጻፍሽልኝ ከሆነ የእናትሽ ትከሻ የሚያጣድፍ ነገር የለውም። ዕቁቡ ባለበት ይቆይ። መጀመሪያ ሦስት ወር በትክክል የተሠራ የትከሻ እንቅስቃሴ ይሞክሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ቀዶ ጥገናው ረጋ ብሎ መነጋገር ይቻላል።

ይህን ስል ሐኪማችሁ ተሳስቷል እያልኩ አይደለም። ጅማት መስፋት የታወቀ ሕክምና ነው፤ የሚጠቅመው ሰውም አለ። እኔ እዚሁ አዳማ የምሠራ የፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የማከም፣ ባለሙያ ነኝ። እናትሽን በዓይኔ አላየኋቸውም። ስለዚህ እመኚኝ ከምልሽ ጥናቶቹ ያገኙትን ልንገርሽ። ከሐኪሙ ጋር ስትቀመጪ በእጅሽ የምትይዢው ነገር ይኖርሻል።

ትከሻ ከሰውነታችን መጋጠሚያዎች ሁሉ በሰፊው የሚንቀሳቀሰው ነው። የክንድ አጥንት ጫፍ ትልቅና ክብ ነው። የሚቀመጥበት ጉድጓድ ግን ትንሽ ነው፣ ጥልቀትም የለውም። ስለዚህ ያንን ክብ አጥንት በቦታው ይዞ የሚያቆየው በዋናነት ጡንቻ ነው። በጀርባችን ካለው የትከሻ ጠፍጣፋ አጥንት አራት ጡንቻዎች ይነሳሉ። ጅማቶቻቸው ተያይዘው የክንዱን ጫፍ ከፊት፣ ከላይና ከኋላ ያቅፉታል። ክንዳችንን ስናነሳ ትልቁ የትከሻ ጡንቻ ወደ ላይ ይስባል፤ አራቱ ደግሞ አጥንቱን ወደ ጉድጓዱ ጎትተው ይይዙታል። ብዙ ጊዜ የሚቀደደው ከላይ በኩል ያለው ነው። በሕክምና ስሙ ሱፕራስፓይናተስ ይባላል። የእናትሽም እሱ ነው።

በጋሪ የተጫነ ዕቃ ሲታሰር አይተሽ ታውቂያለሽ። በአራት ገመድ የታሰረ ጭነት አንዱ ገመድ ቢላላ፣ ሦስቱ ጠብቀው እስከያዙ ድረስ አይንሸራተትም። ትከሻም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። የእናትሽ አንደኛው ገመድ እንኳ ጨርሶ አልተበጠሰም። ሙሉ ውፍረቱን ተቀዷል ማለት ቀዳዳው ጅማቱን ከላይ እስከ ታች አልፎታል ማለት ነው። በወርዱ ሙሉ በሙሉ ተቆርጧል ማለት አይደለም። ሐኪሞች ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያለውን መካከለኛ ይሉታል። የእናትሽ ከመካከለኛውም ወደ ታችኛው ጫፍ የሚጠጋ ነው። ደግሞ እጃቸውን ማንሳት ይችላሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቀሪው ጡንቻ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው።

አሁን ሰው ሲሰማው የሚገርመው ነገር ላይ ልምጣ። ጅማታቸው ተቀዶ ምንም የማያማቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ጃፓን ውስጥ ተመራማሪዎች አንድ መንደር ገብተው የ664 ነዋሪዎችን ትከሻ በአልትራሳውንድ አዩ። የመንደሩን ሰው ነው ያዩት፤ ታማሚ መርጠው አይደለም። ከመቶ 22 ያህሉ ሙሉ ውፍረቱ የተቀደደ ጅማት ነበራቸው። በ50ዎቹ ዕድሜ ካሉት ከአሥር አንዱ ገደማ ነው። በ80ዎቹ ውስጥ ሲደርሱ ከሦስት አንድ በላይ ይሆናል። ጅማታቸው ተቀዶ ከተገኙት መካከል ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሕመም የሚባል አልነበራቸውም። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ትከሻቸውን የማያማቸው 51 ወንዶች በአልትራሳውንድ ታይተው ነበር። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 70 ነው። ከመቶ 96 በሚሆኑት ላይ ቢያንስ አንድ «ችግር» ተገኝቷል።

ይህን የምነግርሽ የእናትሽን ሕመም ለማቃለል አይደለም። ሕመማቸው እውነተኛ ነው። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም እንደቀላል የሚታይ አይደለም። ነገር ግን ኤምአርአዩ ያሳየው ቀዳዳ ከስምንት ወር በፊትም፣ ሳያማቸው፣ እዚያው ኖሮ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ጅማታቸው በተቀደደ ብዙ ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናትም የቀዳዳው ስፋትና የሕመሙ መጠን አልተገናኙም። ትንሽ ቀዳዳ ይዞ የሚሰቃይ አለ። ትልቅ ቀዳዳ ይዞ ሥራውን የሚሠራ አለ። እንግዲህ ሕመሙን ለማስታገስ የግድ ቀዳዳውን መድፈን አያስፈልግም ማለት ነው። ሦስት ወሩን ስለምመክርሽ ዋናው ምክንያቴ ይሄ ነው።

አጥንት ስለመሞረዱ ግን ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። ሐሳቡ የመጣው እንዲህ ነው። ቻርልስ ኒር የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ጽሑፍ ጅማቱ የሚጎዳው ከላዩ ያለው አጥንት ስለሚፈትገው ነው አለ። ስለዚህ የአጥንቱ የታችኛው ገጽ ቢሞረድ ጅማቱ ቦታ ያገኛል። ነገሩ ለሰሚው ያሳምናል። በብዙ አገሮች ለአሥርት ዓመታት እጅግ ብዙ ሰው ተሞረደ። ብዙዎቹም ተሻላቸው። ነገር ግን የተሻላቸው በመሞረዱ ነው ወይስ በጊዜው፣ በዕረፍቱና ከዚያ በኋላ በተሠራው ፊዚዮቴራፒ? ይህን በትክክል የጠየቀ ሰው እስኪመጣ ብዙ ቆየ።

በእንግሊዝ 32 ሆስፒታሎች ተባብረው ጠየቁ። 313 ሰዎችን በዕጣ በሦስት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን በካሜራ ተገብቶ አጥንቱ ተሞረደለት። ሁለተኛው ቡድንም ሰመመን ተሰጠው፣ ቆዳው ተበሳ፣ ካሜራው ገባ፤ አጥንቱ ግን አልተነካም። በሁለቱ ቡድኖች ያሉት ሰዎች የትኛው እንደተደረገላቸው አያውቁም። ሦስተኛው ቡድን ምንም ሳይደረግለት ክትትል ብቻ ተደረገለት። ከስድስት ወር በኋላ ትከሻቸው ከ48 ነጥብ ተለካ፤ ነጥቡ ከፍ ሲል ትከሻው ደህና ነው። የተሞረደላቸው 32.7 አገኙ። ካሜራ ብቻ የገባላቸው 34.2 አገኙ። ምንም ያልተደረገላቸው ደግሞ 29.4። ሲታይ መሞረዱ ካሜራ ከማስገባት አልበለጠም። ምንም ካልተደረገላቸው ጋር ያለው ልዩነትም ታማሚው በኑሮው ልብ የሚለው ያህል አይደለም። ይህ የታተመው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት ፊንላንዶች በ210 ሰዎች ላይ የሠሩትን አወጡ። እነሱም ሰዎቹን ሁለት ዓመት ተከታትለው እዚያው ደረሱ። በ2019 ደግሞ ሐኪሞች፣ ፊዚዮቴራፒስቶችና ታማሚዎች ያሉበት የባለሙያ ቡድን ማስረጃውን ገምግሞ ለዚህ ዓይነት ሕመም አጥንት መሞረድ እንዲቀር አጥብቆ መከረ።

አንድ ነገር በሐቀኝነት ልጨምር። እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት ጅማታቸው ሙሉ ውፍረቱን ባልተቀደደ ሰዎች ላይ ነው። የእናትሽ ግን ተቀዷል። ስለዚህ ስለ መስፋቱ ጉዳይ ሌላ ጥናት ማየት አለብን።

አለም። ፊንላንድ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ55 በላይ የሆኑ፣ ሳይወድቁ ሳይመቱ ከላይ ያለው ጅማት የተቀደደባቸው ሰዎች ተወሰዱ። ልብ በይ፤ የእናትሽ ዓይነት ሰው ማለት ነው። 180 ትከሻዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ፊዚዮቴራፒ ብቻ አገኘ። ሁለተኛው ፊዚዮቴራፒና አጥንት መሞረድ። ሦስተኛው ሁሉንም፦ ጅማቱ ተሰፋ፣ አጥንቱ ተሞረደ፣ ፊዚዮቴራፒውም ተሰጠ። በአንድ ዓመት ሲታዩ ልዩነት የለም። በሁለት ዓመት የለም። ከአምስት ዓመት በላይ ተከታትለው ሲያዩም ፊዚዮቴራፒ ብቻ ያገኙት አልተበለጡም።

ሌላ መልስ የሰጠ ጥናትም አለና እሱን ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። ኖርዌይ ውስጥ 103 ሰዎች፣ ቀዳዳቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ግማሾቹ ተሰፉ፤ ግማሾቹ ፊዚዮቴራፒ ጀመሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልዩነቱ ትንሽ ነበር። በአሥረኛው ዓመት ግን የተሰፉት ከ100 ነጥብ በ9.6 ያህል በልጠው ተገኙ። ካልተሰፉት በአንዳንዶቹ ላይ ቀዳዳው እየሰፋ ሄዷል። ከፊዚዮቴራፒው ቡድን ሩብ ያህሉም ቆይተው ቀዶ ጥገና አድርገዋል። እዚያ ጥናት ውስጥ ወድቀው የተጎዱ ሰዎችም ነበሩበት። ልዩነቱን ከፊሉን ይህ ያመጣው ይመስለኛል።

እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነባቸው የሚታየኝ ይህ ነው። ከ55 በላይ ለሆነ ሰው፣ ያለ አደጋ ለመጣና ላልሰፋ ቀዳዳ ፊዚዮቴራፒን ማስቀደም ትክክል ነው። ቀዳዳው ግን ተረስቶ የሚተው አይደለም። አልፎ አልፎ መታየት አለበት።

ሦስተኛው የአሜሪካው ነው፤ ቅድም የጠቀስኩልሽ። 452 ሰዎች፣ ሙሉ ውፍረቱ የተቀደደ ጅማት ይዘው፣ በፊዚዮቴራፒ ጀመሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ቀዶ ጥገና የመረጡት ከአራት አንድ አይሞሉም። የመረጡትም ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ነው የወሰኑት፤ ከዚያ ወዲያ ጥቂቶች ናቸው። ሦስት ወር የምለው ቁጥር ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሌላም ያገኙት አለ። ማን ቀዶ ጥገና እንደሚመርጥ በይበልጥ የጠቆመው ሰውየው ከፊዚዮቴራፒው ምን ይጠብቅ እንደነበር ነው። አይጠቅመኝም ብለው የጀመሩት ቶሎ ተዉት። የቀዳዳው ስፋት እንኳ ይህን ያህል አልጠቆመም። ስለዚህ እናትሽ ለይስሙላ እንዳይጀምሩት። ምን እንደሆነና ለምን እንደሚሠሩት ገብቷቸው ይጀምሩ። ይህን ከማንም በላይ ማስረዳት የምትችይው አንቺ ነሽ።

የቀዶ ጥገናው ዋጋ ደግሞ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ጅማት ከተሰፋ በኋላ ክንዱ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በማንጠልጠያ ይታሰራል። ከበድ ያለ ዕቃ ማንሳት ሦስት ወር ገደማ ይከለከላል። ወደ ሙሉ ሥራ መመለስ ግማሽ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ቀኝ እጃቸው ነው፣ እንጀራ ጋጋሪ ናቸው፤ ምግብ ቤቶቹ ደግሞ ያን ያህል አይጠብቁም። ይህን ሁሉ ከፍለሽ የተሰፋው ጅማት ሁልጊዜ አይይዝም። በእንግሊዝ 273 ሰዎችን ከፍቶ በመስፋትና በካሜራ በመስፋት ያነጻጸረ ጥናት ነበር። በውጤት ሁለቱ አልተለያዩም። ዓመት ቆይቶ በምስል ሲታይ ግን በሁለቱም ቡድን ከሦስት አንድ በላይ የሚሆነው ጅማት ተመልሶ ተቀዷል፣ ወይም አልያዘም። ደግነቱ ጅማታቸው ያልያዘላቸውም ብዙዎቹ ተሽሏቸዋል። ዕድሜ፣ ስኳርና ሲጋራ ጅማቱ እንዳይድን ያደርጋሉ። የእናትሽ ስኳር በደንብ ካልተያዘ፣ ብትወስኑ እንኳ መጀመሪያ እሱን ማስተካከል ይቀድማል።

አሁን ወደ ቤታችሁ ልግባ። ከምንም በፊት አንዲት ነገር ሞክሪላቸው። እናትሽ ይቀመጡ። ቀኝ ክርናቸውን ከጎናቸው አስጠግተው ልክ እንደ ካሬ ጥግ ይጠፉት፤ እጃቸው ወደ ፊት ይሁን። ክርናቸው ከጎናቸው ሳይርቅ አንቺ እጃቸውን ቀስ አድርገሽ ወደ ውጭ ግፊው። ከዚያ በግራውም እንደዚያው አድርጊና አነጻጽሪ። ቀኙ እንደ ግራው ያህል ከሄደልሽ ደህና ነው። አንቺም ስትገፊው ድርቅ ብሎ እምቢ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። መጋጠሚያው ራሱ የሚደርቅበት፣ የትከሻ መድረቅ የምንለው ሕመም አለ። ከ40 እስከ 60 ባለው ዕድሜ ይበዛል፤ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች በተለይ ያጠቃል። አያያዙ ይለያል። ኤምአርአዩ ቀዳዳውን ስላሳየ ብቻ ይህ እንዳይታለፍ እፈራለሁ። በእጅ የሚደረግ ምርመራ በምስል አይተካም።

መድረቁ ከሌለ እንዲህ ይጀምሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ዓላማው ክንዱን ማፍታታትና ፍርሃቱን ማስለቀቅ ነው። ጀርባቸው ላይ ተኝተው የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጃቸው ይያዙ። ደህናው እጅ እየረዳ እንጨቱን ወደ ላይ፣ ወደ ራስጌ ይውሰዱት፤ ይመልሱት። አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ከዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው መዳፋቸውን በጨርቅ ላይ አድርገው ወደ ፊት ያንሸራትቱ። ክርናቸውን አጥፈው ከግድግዳ አጠገብ ቆመው የእጃቸውን ጀርባ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ይግፉ፤ ክንዱ አይንቀሳቀስ፣ ጡንቻው ብቻ ይወጠር። አሥር ሰከንድ ይዘው ይልቀቁ።

ይህ ሲለመድ ወደ ማጠንከሩ ይለፉ። የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በቁመቱ ቀጠን አድርገሽ ቁረጪላቸው። አንዱን ጫፍ በር እጀታ ላይ እሰሪ። ክርናቸውን ከጎናቸው አስጠግተው ላስቲኩን ወደ ውጭ ይሳቡ፤ ዞረው ቆመው ደግሞ ወደ ውስጥ። ቀጥሎ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተሽ ስጫቸው፤ ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። አውራ ጣታቸው ወደ ላይ ሆኖ ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ቁመት ያንሱት። መጀመሪያ ባዶውን፣ ከዚያ ግማሹን፣ ከዚያ ሙሉውን። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ አንድ ቀን እየዘለሉ። ሲቀላቸው ክብደቱ ይጨመር። የብዙ ሰው ስህተት እዚህ ጋ ነው። ቀላሉን ለወራት ይደጋግሙና አልሠራም ይላሉ። ጡንቻ የሚጠነክረው ሲከብደው ነው።

ሕመም ይኖራል። ከዜሮ እስከ አሥር ብለው ሲሰጡት እስከ ሦስት አራት ድረስ ከሆነና በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ችግር የለውም። ጅማቱ ተቀደደ ብለው አይደንግጡ። እስከ ማግስቱ ካደረ ክብደቱን ቀንሱ እንጂ አታቁሙ።

ፊዚዮቴራፒ በየጊዜው መመላለስ ያከስራችሁ እንደሆነ ደስ የሚል ጥናት አለልሽ። በእንግሊዝ 708 የትከሻ ጅማት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ተወስደው አንዳንዶቹ እስከ ስድስት ጊዜ ባለሙያ ጋ ተመላለሱ። ሌሎቹ አንድ ጊዜ ብቻ ጥሩ ምክርና የቤት እንቅስቃሴ ተሰጣቸው። ዓመት ቆይተው ሲታዩ ሁለቱ እኩል ናቸው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ በደንብ የሚመረምርና የሚያሳይ ባለሙያ ጋ ይሂዱ። በየአራት ሳምንቱ ብቅ ብለው ክብደት ያስጨምሩ። ሌላውን ቤት ይሥሩት። ሞቅ ያለ ማሽን ለብዙ ቀን እየተቀመጠላችሁ የምትከፍሉበት ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ቆጥቡ።

ስለ ጋገራው በተለይ ልጻፍልሽ፤ ሥራውን ተዉ ማለት አይቻልምና። አንድ ቀን ሲጋግሩ አጠገባቸው ሆነሽ ትከሻቸውን ብቻ እይ። ሊጡን ከዳር ጀምረው እያዞሩ ሲያፈሱ ክርናቸው ከጎናቸው ርቆ ወደ ላይ ይወጣል። የሊጡ ዕቃ ሙሉ ከሆነ ክብደቱ በሙሉ በተዘረጋ ክንድ ጫፍ ላይ ነው። አክንባሎውን ሲያነሱ እንደገና። እንጀራውን በሰፌድ ሲያወጡ እንደገና። የምጣዱ ማቆሚያ ከፍ ያለ ከሆነ ዝቅ ይደረግ፤ ምጣዱ ከክርናቸው በታች ይሁን። ከፍታው የማይቀየር ከሆነ የሚቆሙበት ጠንካራ መረገጫ ይሠራላቸው። ዕቃው በግማሽ ይሞላ። ወደ ምጣዱ ተጠግተው ይቁሙ እንጂ ከሩቅ አይዘርጉ። አክንባሎውን በግራ ወይም በሁለት እጅ ያንሱ። የሊጡን ባልዲ አንቺ አንሺ። ማረፊያም ይግባበት፤ ከጥቂት እንጀራ በኋላ ተቀያየሩ። እነዚህን ማስተካከል ከብዙ ክኒን በላይ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ለሌሊቱ፣ በጀርባቸው ተኝተው ከክንዳቸው ሥር ትራስ ይደረግ። በግራ ጎናቸው ከተኙ ቀኝ ክንዳቸው ከፊታቸው ባለ ትራስ ላይ ይረፍ። ለሕመሙ በፓራሲታሞል ይጀምሩ። ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዙ ለሳምንታት መዋጥ ግን ስኳር ላለበት ሰው ጥሩ አይደለም። ኩላሊት፣ ጨጓራና ደም ግፊት አለ። ሐኪም ሳያይ አይሁን።

መርፌው። አክስትሽ የተወጉት ስቴሮይድ የሚባለው፣ እብጠትና ሕመም የሚያስታግሰው መድኃኒት ይመስለኛል። የሚሰጠው እፎይታ እውነት ነው፤ ግን የአጭር ጊዜ ነው። በዚያው በ708 ሰዎች ጥናት ውስጥ ግማሾቹ መርፌም ተሰጥቷቸው ነበር። በስምንት ሳምንት ትንሽ ብልጫ ታየ። በዓመቱ ጠፋ። ሌሊት ሕመሙ እንቅልፍ ነስቶ እንቅስቃሴውን መሥራት እስኪያቅታቸው ድረስ ከሆነ አንድ መርፌ መንገድ ይከፍታል፤ አልቃወምም። መደጋገሙን ግን እቃወማለሁ። ደጋግሞ መወጋት ጅማቱን ያደክመዋል። ቀዶ ጥገና ሊያደርጉ አንድ ወር ሲቀር መወጋት ደግሞ የኢንፌክሽን አደጋውን ይጨምራል። እናትሽ ከተወጉ ስኳራቸው ለቀናት ከፍ ይላልና ያንን ሳምንት በየቀኑ ይለኩት። መርፌ የሚሰጣቸው ባለሙያም ስኳር እንዳለባቸው አስቀድሞ ይወቅ።

ወጌሻን በተመለከተ ጎረቤታችሁ ለእናትሽ አስበው ነው። አዳማ ሙቀት ውስጥ ተቀምጠንም ትከሻ ሲያመን መጀመሪያ የምንለው ብርድ ነው። በቅባት ቀለል አድርጎ ማሸት የሚያሳርፋቸው ከሆነ አይጎዳም። ክንዱን መሳብ፣ መጠምዘዝ፣ ማንቃጨል ግን አይሆንም። የወለቀ ነገር የለም፤ ስለዚህ የሚመለስም የለም። የተቀደደ ጅማት በጉልበት ሲሳብ ሊሰፋ ይችላል። በዚህ ዕድሜ አጥንትም ሊሳሳ ስለሚችል መሰበርም አለ።

ሦስት ወር ብያለሁ፤ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። እናትሽ ቢወድቁ ወይም ባጃጅ ቢገለብጣቸውና ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እጃቸውን ማንሳት ቢያቅታቸው በቀናት ውስጥ የአጥንት ሐኪም ይያቸው። በአደጋ ድንገት የተቀደደ ጅማት ሲቆይ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ጡንቻውም እየመነመነ በስብ ይተካል። ያኔ መስፋቱ ይከብዳል። ይህ በተለይ ለወጣቶችና ለጉልበት ሠራተኞች ነው። ትከሻው ቢያብጥ፣ ቢቀላ፣ ትኩሳት ቢመጣ፣ ያለ ምክንያት ክብደት ቢቀንሱ፣ ሌሊት ቢያልባቸው፣ እጃቸው ቢደነዝዝ፣ ይህም ሳይውል ሳያድር ይታይ። ስኳር ያለበት ሰው ደረት ወይም ትከሻ ሲያመው፣ በተለይ ዳገት ሲወጣ የሚጀምረውና ትንፋሽ የሚያሳጥረው ከሆነ፣ ልብ መሆኑን ማጣራት ይቀድማል።

ሦስት ወሩ ካለቀ በኋላ ሻሻቸውን እያሰሩ፣ እየተኙ፣ እየጋገሩ ከሆነ ይቀጥሉ። ስድስት ወር ወይም ዓመት ሲሞላ ቀዳዳው መስፋት አለመስፋቱን በአልትራሳውንድ አሳዩት፤ ለዚህ ኤምአርአይ መድገም አያስፈልግም። በደንብ ሠርተውም ካልተሻላቸው ወይም ክንዳቸው እየደከመ ከሄደ ተመልሳችሁ ሐኪሙ ጋ ሂዱ። ያኔ ሦስት ነገር ጠይቂው። ጡንቻው በስብ መተካት ጀምሯል ወይ? በዚህ ዕድሜና በዚህ ስኳር ጅማቱ የመያዝ ዕድሉ ምን ያህል ነው? አጥንቱን መሞረድስ ለምን አስፈለገ፤ መስፋቱ ብቻ አይበቃም ወይ? ለሦስቱ የሚያሳምን መልስ ከሰጠሽ ቀዶ ጥገናው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ዕቁቡም ያኔ ይወጣል።

እስከዚያ ድረስ ቅድም የነገርኩሽን የክርን ሙከራ አድርጊና ውጤቱን፣ የቅርብ ጊዜውን የስኳር ልኬት ጨምረሽ ጻፊልኝ። ቀኝ እጃቸው ወደ ውጭ አልሄድም ካለ የጻፍኩልሽን የላስቲኩን እንቅስቃሴ አትጀምሩ፤ በመጀመሪያ መድረቁን ነው የምናክመው።